በወረቀት የተጻፈ አዝማሪ እንዴት ይሠራል?

ከመስፊያ ዕቃዎ መካከል አንድ ክንድ የሚያህል ክር ይቁረጡ። ጠንከር ያለ ይሁን፤ ቁልፍ የሚተከልበት ክር ደህና ነው። አንዱን ጫፍ በፊት ጥርስዎ ነከስ ያድርጉ፣ ሌላውን በግራ እጅዎ ይዘው ይወጥሩት፣ በቀኝ እጅዎ ጣት ደግሞ ሳብ አድርገው ይልቀቁት። አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው እዚህ ግባ የሚባል ድምፅ አይሰማም። እርስዎ ግን ራስዎ ውስጥ “ድም” ሲል ይሰሙታል።

ቀጭን ክር አየሩን የሚያናውጥበት አቅም ስለሌለው ለሌላው ሰው ዝም ይላል። ወደ እርስዎ የሚመጣው በጥርስ በኩል ነው፤ ከጥርስ ወደ ራስ ቅል፣ ከራስ ቅል ወደ ውስጠኛው ጆሮ። መሰንቆ ቆዳ የተወጠረበት ሣጥን፣ ቫዮሊንም ሆዱ ባዶ የሆነ የእንጨት ገላ ያስፈለጋቸው ለዚሁ ነው። አውታሩ ብቻውን ሊያናውጠው ያልቻለውን አየር እነሱ ያናውጡለታል።

አሁን ክሩን እያጠበቁ እያላሉ ይምቱት። ሲጠብቅ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲላላ ይወፍራል። ልብ ብለው ካዳመጡት ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲወጣ እርከን አይዘልም፤ እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው። ይህን መንሸራተት ይያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን።

ክር ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። በ1880ዎቹ መካከል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሞልዳቪያ፣ ዛሬ የሩማንያ ሰሜን ምሥራቅ በሆነው አገር፣ ጆርጄ ኤኔስኩ የሚባል የሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። አንድ የማዕድን ውሃ መዝናኛ ቦታ ላይ የአገሩ ሙዚቀኞች ሲጫወቱ ሰማ። ጥቂት ቫዮሊኖች፣ ከሸምበቆ ተደርድሮ የተሠራ የትንፋሽ መሣሪያ፣ አንድ ትልቅ ባስ፣ በዘንግ የሚመታ ጻምባል የሚሉት ባለ ብዙ አውታር ነገር። በማግስቱ ልጁ በቁራጭ እንጨት ላይ ክር ወጠረና ቫዮሊን ሠራሁ አለ። ጻምባሉን በጭራሮ፣ ሸምበቆውን በአፉ እያስመሰለ መጫወት ጀመረ። ቤተሰቦቹ ይህን አይተው ባለ ሦስት አውታር የአሻንጉሊት ቫዮሊን ሰጡት። ልጁ እንደ ስድብ ቆጥሮት እሳት ውስጥ ወረወረው። ኤኔስኩ ካደገ በኋላ ይህን ራሱ ተርኮታል።

ኋላ እውነተኛው ቫዮሊን ተገኘ። የመጀመሪያ መምህሩ በጆሮ የሚያስተምር የአካባቢው ተጫዋች ነበር። ልጁ በ7 ዓመቱ ቪየና ኮንሰርቫቶሪ ገባ፤ ቀጥሎም ፓሪስ ሄደ፤ ትልቅ ቫዮሊን ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ ሆነ። በ1926 ደግሞ ዛሬ ፈትተን የምናየውን ሥራ ጻፈ። ሦስተኛው የቫዮሊንና የፒያኖ ሶናታ ይባላል፤ “በሩማንያ ሕዝባዊ ጠባይ” የሚል ማብራሪያ ከሥሩ አለው። ተጫዋቾቹ ሁለት፣ ርዝመቱ 25 ደቂቃ ገደማ ነው። ኦርኬስትራ የለም፣ በትር የሚያወዛውዝ መሪ የለም፤ አንድ ሳሎን ይበቃዋል።

ልጁን ያስደነቁት ሙዚቀኞች ላውታሪ ይባላሉ። አዝማሪን ለሚያውቅ አንባቢ እነሱን ለማስተዋወቅ ብዙ አልደክምም። ሠርግ ያለ እነሱ አይደምቅም። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ድግሱ ላይ ይወደዳሉ፤ ድግሱ ሲያልቅ ይናቃሉ። የላውታሪው ሸክም ግን ይብስ ነበር። አብዛኞቹ የሮማ ሕዝብ ተወላጆች ናቸው፤ ሮማዎች ደግሞ በሞልዳቪያ እስከ 1855፣ በዋላኪያ እስከ 1856 ድረስ በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ኤኔስኩ የተወለደው በ1881 ነው። የሰማቸው ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ባሪያ ሆነው የተወለዱ መሆን አለባቸው።

አሁን ወደ ሙከራችን እንመለስ። ስልክዎ ላይ ፒያኖ የሚያስመስል አፕ ይክፈቱ፤ የልጆች ኪቦርድም ይሆናል። አዝማሪ ሲጫወተው የሚያውቁትን አንድ የትዝታ ዜማ በአንድ ጣት እየፈለጉ ያውጡት። ትንሽ ቢደናበሩም ይገኛል። ዜማው አለ፤ አዝማሪው ግን የለም።

ቀጥሎ ያንኑ ዜማ በአፍዎ ያንጎራጉሩና በስልክዎ ይቅዱት። መልሰው ሲያዳምጡት ድምፅዎ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሲሻገር መሐል ላይ የሚሠራውን ይከታተሉ። ከታች ተነሥቶ ይጠጋል። አልፎ ሄዶ ይመለሳል። ይርገበገባል። መድረሻው ላይ አውቆ የሚዘገይ ይመስላል። ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምርዎ ነው ያደረጉት፤ ሲሰሙ ካደጉት ቅላጼ የመጣ ነው። በስልኩ ፒያኖ ላይ የጠፋውም ይኸው በኖታና በኖታ መሐል ያለው ነገር ነው።

የሕዝብ ዜማ ወደ ኮንሰርት አዳራሽ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚደርስበት እንደዚያ ነው። ደራሲው ዜማውን ይወስዳል፣ ከሥሩ ኅብረ ድምፅ ያነጥፍለታል፣ ያለብሰዋል። ኤኔስኩም በጎልማሳነቱ መጀመሪያ በ1901 ይህን አድርጎታል፤ ሁለቱ “የሩማንያ ራፕሶዲ” ሥራዎቹ በታወቁ የአገር ዜማዎች የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬም ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚሰሙት እነሱ ናቸው። ሶናታው ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ከዳር እስከ ዳር ቢፈትሹት ከሕዝብ የተወሰደ አንድም ዜማ አያገኙበትም። ዜማው ሁሉ የራሱ ፈጠራ ነው። ከላውታሪው የወሰደው አጨዋወቱን ብቻ ነው፤ መንሸራተቱን፣ መዘግየቱን፣ መርገብገቡን። ያንን ነው በወረቀት ላይ ያሰፈረው። እንዴት አድርጎ?

ከግራ እጅ እንጀምር። ቫዮሊን እንደ ጊታር አንገቱ ላይ የብረት መከፋፈያ የለውም፤ ስለዚህ ጣት የትም ሊያርፍ ይችላል። የአንድ የቫዮሊን አውታር የሚርገበገበው ክፍል 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እኩሌታው ላይ ቢጫኑት ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወጣል። ከአውታሩ ራስ በኩል ወደ 18 ሚሊ ሜትር ቢገቡ ግማሽ ድምፅ ይጨምራል፤ በፒያኖ ላይ ከነጩ አጠገቡ ወዳለው ጥቁር ቁልፍ መሄድ ማለት ነው። የዚያ እኩሌታ፣ ወደ 9 ሚሊ ሜትር፣ ሩብ ድምፅ ይሰጣል። ሩብ ድምፅን ፒያኖ በፍጹም አያውቀውም፤ በሁለት ቁልፎች መሐል ተደብቆ የቀረ ነው። ላውታሪው ግን ይመላለስበታል። ኤኔስኩም ለቫዮሊኑ እነዚህን ሩብ ድምፆች በተለየ ምልክት ጽፎለታል።

መሰንቆ ከዚህም ያልፋል። አንድ ተጫዋች ሲያገኙ ግራ እጁን ቀረብ ብለው ይመልከቱት። ጣቱ የፈረስ ጭራውን እንጨቱ ድረስ አይጫነውም፤ አየር ላይ እንዳለ ነው የሚነካው። የሚጫነው ነገር ስለሌለ ትንሽ ጠበቅ፣ ትንሽ ላላ ሲያደርገው ድምፁ ይከተለዋል። በጥርስዎ የያዙት ክር ሲጠብቅና ሲላላ ያደረገውም ይኸንኑ ነበር።

በኤኔስኩ ኖታ ላይ መንሸራተቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ፣ በዝግታ ይሁን በፍጥነት፣ ተጽፏል። ጣቱ ሳይርገበገብ ደርቆ የሚቆምበት ቦታም እንዲሁ። ለቫዮሊን ተጫዋች ይህ ያስቸግረዋል። በትምህርት ቤት ዓመታት ሙሉ የለመደው እያንዳንዱን ኖታ ንጹሕና ሞቅ ያለ ማድረግ ነውና፣ እዚህ ደግሞ ድምፁን አንዳንድ ጊዜ አውቆ ባዶ፣ አንዳንድ ጊዜ ሻካራ ማድረግ አለበት።

ቀኝ እጁ፣ ደጋን የያዘው፣ ሌላ ብልሃት አለው። ብር የሚታሰርበት ላስቲክ ያምጡ። ክዳን በሌለው የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ወይም በጠንካራ ካርቶን አፍ ላይ ያሳልፉት። መጀመሪያ መሐል ለመሐል ሳብ አድርገው ይልቀቁት፤ ከዚያ ከጠርዙ ጣት ስፋት ባልሞላ ርቀት ላይ። የላስቲኩ ርዝመት አልተለወጠም፣ ውጥረቱም ያው ነው፤ ኖታውም ያው። ጠባዩ ግን ሌላ ነው። የመሐሉ ክብና ለስላሳ፣ የጠርዙ ቀጭንና ሹል ይሆናል።

ምክንያቱ ይህ ነው። አንድ አውታር በሙሉ ርዝመቱ ብቻ አይርገበገብም። በዚያው ቅጽበት በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት፣ ከዚያም በላይ እኩል ተከፋፍሎ ይርገበገባል፤ እያንዳንዱ ክፍልፋይም የራሱን ቀጭን ድምፅ ያዋጣል። መሐሉን ሲመቱ ትልቁ ርግብግብታ ይጎላል፣ ከክፍልፋዮቹም እኩሌታ ያህሉ ሳይቀሰቀሱ ይቀራሉ። ጠርዙን ሲመቱ ቀጫጭኖቹ ይበረታሉ። ደጋንም እንዲሁ ነው። አውታሩን ከተሸከመው ከብርኩማው አጠገብ ሲሄድ ድምፁ ይሾላል፣ ያፏጫልም። ወደ አንገቱ ሸሽቶ በቀላሉ ሲነካው ዋሽንት ይመስላል።

ኤኔስኩ ደጋኑ የት ቦታ፣ ስንት ክብደት አርፎበት፣ በላይኛው ጫፉ ወይስ በታችኛው እንደሚሄድ እየነገረ ይጽፋል። አንዳንዱ ገጽ ላይ ከኖታዎቹ ይልቅ መመሪያው ይበዛል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሁለተኛው ክፍል መክፈቻ የዚህ ሁሉ ዋናው ማሳያ ነው። ክራር ወይም ጊታር ያለበት ቤት ከሆነ ራስዎ ይሞክሩት። አንዱን አውታር ትክክል እኩሌታው ላይ በጣትዎ ጫፍ ዝንብ እንዳረፈ ያህል ብቻ ይንኩት፤ አይጫኑት። በሌላው እጅ ይምቱት፣ ወዲያው የነካውን ጣት ያንሡ። ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል የጠራ ድምፅ ይወጣል። ጣትዎ መሐሉን ሲነካው እዚያ ቦታ ላይ የሚወዛወዙትን ርግብግብታዎች ሁሉ አስቁሟቸዋል፤ የተረፉት መሐሉ ላይ ጸጥ ብለው የሚቆሙት ብቻ ናቸው። በሁለት የተከፈለው፣ በአራት የተከፈለው፣ እንዲህ እያለ። የተቀነሰ ድምፅ ስለሆነ ነው የጠራው።

ሙዚቀኞች ሃርሞኒክ ይሉታል። ኤኔስኩ ሁለተኛውን ክፍል በዚህ ድምፅ ያስጀምረዋል፣ ፒያኖው ደግሞ ከሥሩ አንዷን ኖታ ብቻ ደጋግሞ ይነካል። ቫዮሊኑ የእረኛ ዋሽንት ሆኗል። ዋሽንት ያደመጠ ኢትዮጵያዊ ጆሮ ይህን ለመለየት ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም። ከሦስቱ ክፍሎች ለእኔ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ጊዜ ከሌለዎት ሌላውን ትተው እሱን ብቻ ይስሙ። ሦስተኛው ጭፈራ ነው፤ እግር ያንቀሳቅሳል፣ ያደምቃል፣ ስለ እሱ ብዙ አልልም።

ፒያኖውስ? እዚህ ላይ ነው ኤኔስኩ የተቸገረው ብዬ የማስበው። ቫዮሊን የላውታሪውም ዕቃ ነው። ፒያኖ ግን 88 ቁልፍ ያለው፣ የማይንሸራተት፣ የማይዘፍን ከባድ የቤት ዕቃ ነው፤ መዶሻው አውታሩን መትቶ ይመለሳል፣ አለቀ። ከመንደር ሠርግ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ልጁ በሦስት ዓመቱ ገደማ በጭራሮ ያስመሰለው ጻምባል ነው ያገናኘው። ጻምባል ጠፍጣፋ ሣጥን ላይ ብዙ አውታር የተወጠረበት፣ ጫፋቸው ጥጥ በተጠቀለለባቸው ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች የሚመታ መሣሪያ ነው። ሃንጋሪዎች ሲምባሎም ይሉታል። ትንሹን ዓይነት ተጫዋቹ በማንገቻ ከአንገቱ አንጠልጥሎ ይዞራል። መዶሻ አውታርን ይመታል፤ በዚህ ከፒያኖ ጋር ወንድማማች ናቸው። ልዩነቱ ትንሹ ጻምባል ድምፅ ማፈኛ የለውም፤ አንዴ የተመታው እስኪደክመው ያስተጋባል፣ ቀጣዩም በላዩ ይደረባል።

አምስት የሻይ ብርጭቆ ይደርድሩ። የተለያየ መጠን ያለው ውሃ ይጨምሩባቸው። ውሃ ሲበዛ ድምፁ ይወፍራል፤ ብርጭቆው ራሱ ነው የሚርገበገበው፣ ውሃው ደግሞ ሸክም ይሆንበታል። አሁን በእርሳስ መታ መታ ያድርጓቸው። ቀጥሎ የእርሳሱን ጫፍ በጥጥ ጠቅልለው በክር ይሰሩትና ይድገሙት፤ ሹልነቱ ጠፍቶ ሆዱ ብቻ ይቀራል። ሦስተኛ፣ አንዱን ብርጭቆ መትተው ወዲያው ከንፈሩን በጣትዎ ይንኩት። ጸጥ ይላል። ያ ጣት የፒያኖ ማፈኛ ነው። ፒያኖ ውስጥ ከጥቂት በጣም ቀጫጭን ድምፆች በቀር እያንዳንዱ ኖታ አውታሩ ላይ የሚያርፍ ማፈኛ አለው፤ ጣት ከቁልፉ ሲነሣ ተመልሶ ያፍነዋል።

የቀኙ ፔዳል ሲረገጥ ማፈኛዎቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። በትምህርት ቤት ወይም በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እውነተኛ ፒያኖ ካገኙ ፔዳሉን ረግጠው ወደ አውታሮቹ ጠጋ ብለው “ኣ” ብለው ይጩኹ። ዝም ሲሉ ፒያኖው በራስዎ ድምፅ ይመልስልዎታል፤ ነጻ የሆኑት አውታሮች ከጩኸትዎ ውስጥ የየራሳቸውን ድርሻ ለቅመው ነው።

ኤኔስኩ ለፒያኖው በፍጥነት የሚደጋገሙ ኖታዎችን፣ ድንገት የሚበተኑ የኖታ ክምችቶችን፣ በጣም አጫጭር ማስዋቢያዎችን ይጽፋል፤ ከዚያ በፔዳሉ አንዱን ከሌላው ጋር ያቀላቅለዋል። ያን ጊዜ ከባዱ የቤት ዕቃ አንገት ላይ የተንጠለጠለው ጻምባል ይሆናል። ሁለት ዘንግ የያዘ ሰው የማይችለውን ደግሞ ይጨምርበታል፤ ፒያኖ ተጫዋች አሥር ጣት አለውና።

ሁለቱ አብረው ሲሄዱ የሚሆነውን ለመስማት ደግሞ ሰው ያስፈልግዎታል። ቤት ውስጥ ካለ ሰው ጋር ሁለታችሁም የምታውቁትን ዘገም ያለ ዘፈን አብራችሁ ዝፈኑ፤ ግን አትስማሙ፣ አትቁጠሩ፣ እያንዳንዱ እንደልማዱ። በስልክ ይቅዱት። ዜማው አንድ ነው፤ አንዱ ቀደም ይላል፣ ሌላው ያዘገያል፤ አንዱ ባዶውን ሲያልፈው ሌላው ያረገበግበዋል። አዝማሪ ራሱ ብቻውን ሁለት ሆኖ ያደርገዋል፦ አፉ ዜማውን ይዞ ሲሄድ መሰንቆው ያንኑ ዜማ በራሱ አካሄድ ይከተለዋል፤ አንዳንዴም ይቀድመዋል።

በአውሮፓ የኮንሰርት ሙዚቃ ግን የተለመደው ሌላ ነው። አንዱ ዜማውን ይይዛል፣ ሌላው ከሥር ያጅባል፤ ወይም ሁለቱ የተለያየ ዜማ ይዘው ይሟገታሉ። ኤኔስኩ በዚህ ሶናታ ብዙ ቦታ ቫዮሊኑና ፒያኖው አንዱን ዜማ እየተጋሩ በየራሳቸው እንዲያስውቡት ያደርጋል። መጀመሪያ ሲሰሙት የተዛነፉ ሊመስሉዎት ይችላሉ። አልተዛነፉም፤ መዛነፉ እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት ተቆጥሮ ተጽፏል።

የመጨረሻው እንቆቅልሽ ጊዜ ነው። ሶናታውን ከፍተው የመጀመሪያውን ክፍል በጣትዎ ጠረጴዛውን እየመቱ ለመከተል ይሞክሩ። ጥቂት ይሄዱና ይጠፋብዎታል። ሩማንያውያን ዶይና የሚሉት የትካዜ አዘፋፈን አለ፤ ዩኔስኮ በ2009 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ቋሚ ምት የለውም፤ ዘፋኙ እንደ ትንፋሹና እንደ ስሜቱ ያራዝመዋል፣ ያሳጥረዋል። የዚህ ክፍል መንፈስ የዶይና ነው። ኖታ ግን በባሕርዩ ቆጣሪ ነው፦ ይህ አንድ፣ ይህ ግማሽ፣ ይህ ሩብ። የማይቆጠረውን እንዴት ይቆጥሩታል?

እናትዎን “የዶሮ ወጡ በርበሬ ስንት ማንኪያ ነው?” ብለው ይጠይቁ። “በዓይን ነዋ!” ይሉዎታል። አሁን አንድ ሰው ምድጃው አጠገብ ቆሞ የእናትዎን እጅ እየተከተለ በርበሬውን በግራም ይመዝን፣ ማማሰሉን በሰከንድ ይቁጠር፣ ውሃው ጠብ የተደረገበትን ደቂቃ ይመዝግብ እንበል። ያንን ወረቀት ዶሮ ወጥ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ተከትሎ ይሥራ፤ የቀመሱት ሁሉ ግን “ይህ በዓይን የተሠራ ነው” ይበሉ። ኤኔስኩ ያደረገው ይህንን ነው። አንዱ ኖታ በአምስት፣ ሌላው በሰባት ይከፈላል፤ ፍጥነቱ በየመስመሩ ትንሽ ይጨምራል፣ ትንሽ ይቀንሳል፤ የትንፋሽ ምልክት እዚህም እዚያም አለ። ተጫዋቹ በጥንቃቄ ሲቆጥር አድማጩ ማንም የማይቆጥር ይመስለዋል።

ታላቁ ቫዮሊን ተጫዋች ይሁዲ ሜኑሂን በልጅነቱ የኤኔስኩ ተማሪ ነበር። ስለዚህ ሶናታ ሲናገር ከዚህ የበለጠ በጥንቃቄ የተጻፈ ሥራ እንደማያውቅና ለመጫወት ኖታውን በታማኝነት መከተል እንደሚበቃ ገልጿል። እኔ በግማሹ እስማማለሁ። ኖታውን ብቻ የተከተሉ ተጫዋቾችን ሰምቻለሁ፤ ሁሉም ነገር በቦታው አለ፣ ግን ፈተና እንደሚፈተን ተማሪ ይመስላሉ። ኖታውን ችላ ብለው በራሳቸው “ገጠሬ” ለመሆን የሚሞክሩት ደግሞ ይብሳሉ፤ ማንሸራተቱን ያበዙታል፣ ያስለቅሱታል። ይህ ወረቀት የሚሠራው መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ለታዘዘለት፣ ከዚያ መታዘዙን ለረሳ ሰው ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በሶናታው ላይ ለሟቹ ቫዮሊን ተጫዋች ለፍራንዝ ክናይዝል መታሰቢያ መሆኑ ተጽፏል። የዚያ መዝናኛ ቦታ ላውታሪዎች ስም የትም የለም። ኤኔስኩ ላውታሪዎችን ያከብር ነበር፤ ጥፋቱን በእሱ ላይ አላሳርፍም። ቢሆንም ሥራው በትላልቅ አዳራሾች ሲጨበጨብለት አጨዋወቱን ያስተማሩት ሰዎች ልጆች ሠርግ ቤት ቆመው ይጫወቱ እንደነበር ማወቅ የሙዚቃውን ጣዕም አይቀንሰውም።

ለማዳመጥ ከፈለጉ ምርጫ አለ። ሜኑሂን ከእኅቱ ከሄፍዚባ ጋር በ1936 ቀድቶታል። ኤኔስኩ ራሱ ቫዮሊን ይዞ፣ ፒያኖውን ዲኑ ሊፓቲ ተቀምጦበት በ1943 የተቀዳው አለ፤ ድምፁ ያረጀና የሚንኮሻኮሽ ነው፣ ግን ጽሑፉን የጻፈው እጅ ራሱ ነው የሚጫወተው። ከሞልዶቫ የመጣችው ፓትሪሺያ ኮፓቺንስካያ ደግሞ በ2010 “ራፕሶዲያ” በተባለ አልበም ከፒያኖ ተጫዋቿ ከሚሃኤላ ኡርሱሌያሳ ጋር ተጫውታዋለች። በዚያው አልበም ላይ አባቷ ቪክቶር በሲምባሎም የአገራቸውን ሙዚቃ ይጫወታሉ። ስለዚህ አንዱን ከሌላው አጠገብ አድርገው ፒያኖው ምን ሊሆን እንደሚጣጣር በጆሮዎ መለካት ይችላሉ።

ከወደዱት አንድ ሌላ ልጨምርልዎ። ኤኔስኩ በ1940፣ ወደ ስድሳ ዓመት ሲጠጋ፣ “የልጅነት ትዝታዎች” የሚል አሥር አጫጭር ክፍሎች ያሉት የቫዮሊንና የፒያኖ ሥራ ጻፈ። አንዱ አሮጌ ለማኝ ነው፤ ሌላው በጓሮ የሚያልፍ ጅረት፤ ሌላው በቀፎ ያለች ወፍና ግድግዳ ላይ ያለ የኩኩ ሰዓት። የመጀመሪያው ክፍል ስሙ “ሜኔትሪዬ” ነው፤ የመንደር ቫዮሊን ተጫዋች ማለት ነው። ፒያኖው እዚያ ላይ ድምፁን አያሰማም። ቫዮሊኑ ብቻውን ነው።

ይህን ክፍል ምንም ሳይናገሩ ሙዚቃ ለሚወድ ወዳጅዎ ያሰሙት። የትኛው ቦታ ላይ ተጫዋቹ ከራሱ እንደጨመረና የትኛው ቀድሞ የተጻፈ እንደሆነ ይገምት። ሲጨርስ ኖታው ከድምፁ ጋር እየሄደ የሚታይበትን ቪዲዮ በኢንተርኔት ፈልገው ያሳዩት፤ ከራሱ ጨመረ ባለበት ቦታ ሁሉ ቀለሙ ከሌላው ቦታ ይልቅ ጥቅጥቅ ብሎ ያገኘዋል።